ሐተታ አውራጃ ወማንዳል፦ የኡታር ፕራዴሽ አከፋፈል ከነትርጓሜው

ምዕራፍ 1፦ ስለ ጎን አጥንት

ነገሩን ከስሙ በፊት የሚናገር ጸሐፊ ሊቅ ሳይሆን መንገደኛ ነው። እኛ ደግሞ መንገደኛ አይደለንም፤ ሕንድን በእግራችን ረግጠን አናውቅም። ስለዚህም ስለ እርሷ ስንጽፍ አቧራ ያላለበሰው፣ ሙቀት ያላሰለቸው፣ ባቡር ያላስመሸው ንጹሕ ዕውቀት ይዘን ነው የምንቀርበው።

ሐተታችን የሚመለከተው በጋንጋና በያሙና ወንዞች ሜዳ ላይ የተንጣለለውን የኡታር ፕራዴሽ ግዛት ነው። በ2011 ቆጠራ ሕዝቡ 200 ሚሊዮን ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን፤ ወደ እኛ ብንመልሰው ሐተታው ገና ሳይጀመር ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ይቀርብናል።) ራሱን የቻለ አገር ቢሆን ኖሮ ከብራዚል ጋር ትከሻ ለትከሻ ይለካካ ነበር። ይህን ሁሉ ሰው መንግሥት በ18 ማንዳልና በ75 ዚላ ከፍሎ ያስተዳድረዋል። እንግዲህ ማንዳል ምንድር ነው? ዚላስ?

የመጀመሪያው ፈተና የትርጉም ነው። ዚላን «ወረዳ» እንዳንለው የፕራያግራጅ ዚላ ብቻውን በዚያው ቆጠራ 6 ሚሊዮን ሊሞላ ትንሽ የጎደለው ነዋሪ ነበረበት፤ ይህን ያህል ሰው ወረዳ ውስጥ ማስገባት ቃሉን ማፈንዳት ነው። «ክፍለ ሀገር» እንዳንለው ከበላዩ ያለው ማንዳል ስም አጥቶ ሜዳ ላይ ሊቀር ነው። ብዙ ሌሊት ካወጣን ካወረድን በኋላ «አውራጃ» ብለነዋል። አውራጃ የሚባለው እርከን በእኛ ዘንድ ከቀረ ቆይቷልና ቃሉ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ነበር፤ ለሥራ ፈት ቃል ሥራ ማግኘት ደግሞ የሊቅ ግዴታ ነው። ማንዳል ግን ማንዳል ይሁን። በሳንስክሪት ክብ ማለት ነው፤ በካርታ ላይ ክብ የሆነ ማንዳል ፈልገን አላገኘንም።

ወደ ዚላ እንመለስ። ቃሉ ከዐረብኛ ተነሥቶ በፋርስ በኩል ሕንድ የገባ ነው። ዚላ ማለት ጎን ማለት ነው፤ አንድም የጎን አጥንት ማለት ነው። መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ነገሩን ወደ «ጎን፣ በኩል» ያስጠጉታል። እኛ የጎን አጥንትን እንይዛለን፤ ምክንያቱም የቃሉ ታሪክ ባይደግፈን የግዛቱ ታሪክ ይደግፈናል። አውራጃ ከየት ይገኛል? ከአውራጃ ጎን። እናቲቱ አውራጃ ከባድ እንቅልፍ ወስዷት ሳለ ላክናው የተቀመጠው መንግሥት ከጎኗ አንድ አጥንት ይስባል፣ ቁስሉን በአዋጅ ይደፍናል፣ አጥንቱንም ሰሌዳ ሰቅሎ፣ ወንበር አኑሮ፣ ሾፌርና መኪና ጨምሮ ሙሉ አውራጃ ያደርገዋል። እናቲቱ ስትነቃ ወገቧ ቀጥኗል።

ምስክር እንጥራ። በ1974 ላሊትፑር ከጃንሲ ጎን ወጣች፤ ዛሬ ከእናቷ ጋር በቀጭን አንገት ተያይዛ፣ ዙሪያዋን በማድያ ፕራዴሽ ግዛት ተከባ፣ ጎረቤት ግቢ ውስጥ እንደገባ ጣት ተቀስራ ትታያለች። በ1989 ሶንባድራ ከሚርዛፑር ጎን ወጣች። የሶንባድራ ክብር የተለየ ነው፤ ማድያ ፕራዴሽን፣ ቻቲስጋርን፣ ጃርካንድንና ቢሃርን፣ አራት ግዛት በአንድ ጊዜ ትነካለች፤ በመላው ሕንድ ይህን ያደረገ ሌላ አውራጃ የለም። በ1997 የአጥንቱ ሥራ ጦፈ፤ በዚያ አንድ ዓመት የወጡትን ሁሉ ብንቆጥር አንባቢን እናስተኛለን፣ የተኛ ሰው ደግሞ በዚህ ግዛት ለጎኑ መስጋት አለበት።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን ካንፑር ነው። የካንፑር አውራጃ በ1977 ለሁለት ተከፈለ፤ ከተማው ካንፑር ናጋር፣ ገጠሩ ካንፑር ደሃት ተባለ። በ1979 መልሰው አንድ አደረጉት። በ1981 እንደገና ከፈሉት። ኦሪት አጥንት መውሰድን ጽፋለች፤ የተወሰደ አጥንት ወደ ስፍራው ተመልሶ፣ ሁለት ዓመት ከርሞ፣ ዳግመኛ መወሰዱን ግን ኦሪትም አትጽፈው፣ የአጥንት ሐኪምም አይመክረው። በመካከል ያሉት ሁለት ዓመታት የዚያ አገር ገበሬ ለአቤቱታ ወዴት ይሄድ ነበር ብለን አሰብን። ወደ ለመደው ቢሮ ይሄድ ነበር ብለን ደመደምን፤ ቢሮውም ነገ ተመለስ ይለው ነበር።

አጥንት መሳብ የለመደ እጅ መላውን ገላ ሳይመኝ አይቀርም። በኖቬምበር 2011 የዋና ሚኒስትር ማያዋቲ መንግሥት ኡታር ፕራዴሽን እንዳለ ለአራት ግዛት ለመክፈል፣ ማለትም ፑርቫንቻል፣ ቡንደልካንድ፣ አወድ ፕራዴሽና ፓሽቺም ፕራዴሽ ለማድረግ፣ ለምክር ቤቱ ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ በጫጫታ መካከል በድምፅ አለፈ። ዴልሂ ያለው ማዕከላዊ መንግሥት ማብራሪያ ጠይቆ መለሰው፤ በሚቀጥለው ዓመት መጋቢት ላይ ደግሞ ማያዋቲ በምርጫ ተሸነፉ፤ ገላውም በአልጋው ላይ እንዳለ አለ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ትልቅ አካል በእርግጥ ተቆርጧል፤ ይህንን ያወቅነው በመራራ መንገድ ነው። ለዚህ ሐተታ ዝግጅት የገዛነው አሮጌ ካርታ ኡታር ፕራዴሽን ሂማላያን ደግፎ ከቲቤት ጋር ሲዋሰን ያሳያል። እኛም የግዛቱን የበረዶ ተራሮች የሚያወድስ አሥራ ሁለት ገጽ ጻፍን። ተራሮቹ በኖቬምበር 9 ቀን 2000 ተለይተው ዛሬ ኡታራካንድ የሚባለውን ግዛት እንደመሠረቱ የተረዳነው ምዕራፉ ከተጠረዘ በኋላ ነው። አሥራ ሁለቱን ገጾች ለሌላ ሐተታ አስቀምጠናቸዋል።

ምዕራፍ 2፦ ስለ ጥንተ ነገሩ፣ ቶሎ ቶሎ

የሙጋሉ ንጉሥ አክባር በ1580 ግዛቱን በ12 ሱባ ከፈለ። አግራ፣ አላሃባድና አወድ የተባሉት ሱባዎች በዚሁ በምንናገርለት ምድር ላይ ነበሩ። ሱባው በሰርካር፣ ሰርካሩ በፓርጋና ይከፈል ነበር። ከዚያ እንግሊዝ መጣ። እንግሊዝ በደረሰበት ሁሉ መጀመሪያ ይለካል፣ ቀጥሎ ስሙን ያጣምማል። ዋረን ሄስቲንግስ በ1772 በቤንጋል «ኮሌክተር» የሚባል ሹም ተከለ። ኮሌክተር ሰብሳቢ ማለት ነው፤ የሚሰበስበው ግብር ነው። በ1829 ሎርድ ዊልያም ቤንቲንክ ከሰብሳቢዎቹ በላይ ኮሚሽነር ሾመ፤ ማንዳል የሚባለው እርከን የተወለደው ያን ጊዜ ነው።

ግዛቱ ራሱ በ1902 «የአግራና የአወድ የተባበሩ ግዛቶች»፣ በ1937 በአጭሩ «የተባበሩ ግዛቶች» ተባለ። ነጻነት መጥቶ በጃኑዋሪ 24 ቀን 1950 ስሙ ኡታር ፕራዴሽ፣ ሰሜናዊ ግዛት ሆነ። አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ አሮጌውም ስም አዲሱም ስም በፈረንጅ ፊደል ሲያጥር «ዩ.ፒ.» ነው። ግዛት ተለወጠ፣ ማኅተም አልተለወጠም። ይህን እንደ አጋጣሚ ቆጥሮ ማለፍ ክብራችን አይፈቅድልንም፤ በዚያ አገር ታሪክ ውስጥ ለቀለም ቀቢ ገንዘብ ያልተከፈለበት የስም ለውጥ ይህ ብቻ ይመስለናል።

ምዕራፍ 3፦ ስለ ወንበርና ስለ ፎጣ

አሁን ወደ ሐተታችን ልብ ደርሰናል። አውራጃ መሬት ነውን? ብዙዎች ነው ይላሉ። እኛ እንቃወማለን። መሬት ቢሆን ኖሮ በመሬት መጠን ይለካ ነበር። የኬሪ አውራጃ 7,680 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ሃፑር 660 ብቻ። ኬሪ ውስጥ ሃፑር አሥራ አንድ ጊዜ ገብቶ ትርፍ ይቀራል። ሕዝብ ነውን? ፕራያግራጅን አይተናል፤ ማሆባ ግን በ2011 ቆጠራ 900 ሺህ አልሞላችም። ኬሪም፣ ሃፑርም፣ ፕራያግራጅም፣ ማሆባም እያንዳንዳቸው አንድ አውራጃ ናቸው፤ አንዱ ከአንዱ አይበልጥም። እንግዲህ በአራቱም ዘንድ እኩል የሆነው ምንድር ነው? አንድ ወንበር ነው።

በወንበሩ ላይ የሚቀመጠው የአውራጃው ማጂስትሬት ነው፤ በሂንዲ ዚላ አዲካሪ፣ በሕዝብ አፍ «ዲ.ኤም. ሳሂብ»። የጥንቱ ኮሌክተር ወራሽ እርሱ ነው። ግብርና መሬት፣ ጸጥታ፣ ምርጫ፣ ጎርፍ፣ ድርቅ፣ የጦር መሣሪያ ፈቃድ፣ ሁሉም ጠረጴዛው ላይ ያርፋል። ብዙ ጊዜ ከባዱን የመንግሥት አስተዳደር ፈተና ያለፈ ወጣት ነው፤ ጢሙ ሳይሸብት ከአንዳንድ አገር የሚበልጥ ሕዝብ ይረከባል። የወንበሩም መደገፊያ በነጭ ፎጣ ይሸፈናል። በሕንድ መሥሪያ ቤቶች የታወቀ ልማድ ነው፤ ባለ ፎጣ ወንበርና ባዶ ወንበር አንድ ክፍል ውስጥ ካሉ ማን ሹም ማን ባለ ጉዳይ እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም።

ስለ ፎጣው ሊቃውንት ዝም ብለው አልፈዋል፤ እኛ አናልፍም። ፎጣ ለምን ተደረገ ቢሉ፣ ለላብ ነው፤ በግንቦትና በሰኔ በዚያ ሜዳ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋልና። አንድም ለፀጉር ቅባት ነው፤ የመንግሥት ጨርቅ እንዳይወይብ። አንድም ለክብር ነው፤ ፎጣው ቢነሣ ወንበሩ ወንበር ብቻ ይሆናልና። ሦስተኛውን ትርጓሜ እንቀበላለን፤ ምክንያቱም የአየር ማቀዝቀዣ ከገባ በኋላም ፎጣው አልወጣም።

ከአውራጃው በታች ታህሲል አለ። ቃሉ ዐረብኛ ነው፣ መሰብሰብ ማለት ነው፤ ልብ በሉ፣ ከላይ ሰብሳቢ፣ ከታች መሰብሰብ። በግዛቱ ከ300 በላይ ታህሲል አለ። ታህሲልዳር፣ ናይብ ታህሲልዳር፣ ካኑንጎ እያለ ይወርድና መጨረሻ ላይ ሌክፓል ይገኛል። ሌክፓል ማለት በጥቂት መንደሮች ላይ የተሾመ የመሬት መዝገብ ጸሐፊ ነው፤ መሣሪያው ጃሪብ የሚባል የመለኪያ ሰንሰለትና በጨርቅ የታሰረ የመዝገብ ጥቅል ነው። ቀድሞ ፓትዋሪ ይባል ነበር። በ1953 ፓትዋሪዎች በሺህ በሺህ ሆነው ካልተሻሻለልን እንለቃለን ብለው መልቀቂያ አስገቡ፤ የመሬት ገቢ ሚኒስትር የነበሩት ቻራን ሲንግ፣ ኋላ በ1979 የሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት፣ መልቀቂያውን ተቀበሉ። ያልጠበቁት ይህን ነበር። በስፍራቸው አዲስ ሰው ተቀጠረ፣ ስሙም ሌክፓል ተባለ። ሰንሰለቱ አልተለወጠም።

ይህ ሰው በደረጃ ታናሽ ነው፤ በኃይል ግን እርሱን የሚያህል የለም፤ የአዛምጋሩን ላል ቢሃሪን ጠይቁ። ላል ቢሃሪ በወጣትነቱ ከባንክ ብድር ሊወስድ ፈልጎ ማስረጃ ሊያወጣ መሬት መዝገብ ቢሮ ይሄዳል። መዝገቡ ሲገለጥ ላል ቢሃሪ ሞቷል። አጎቱ መሬቱን ለመውሰድ ጉቦ ከፍሎ ሙት አስደርጎታል። ቆሜያለሁ፣ እናገራለሁ ቢል መዝገቡ አይሰማም፤ መዝገብ ጆሮ የለውም። ከ1975 እስከ 1994 ድረስ በወረቀት ሙት ሆኖ ኖረ።

አሥራ ዘጠኙን ዓመት ግን ዝም ብሎ አልሞተም። ስሙ ላይ «ምሪታክ»፣ ሟች የሚል ጨመረ። ሟች ከሆንኩማ ብሎ ለሚስቱ የመበለት ጡረታ ጠየቀ። በ1989 በአሜቲ የምርጫ ክልል በጠቅላይ ሚኒስትሩ በራጂቭ ጋንዲ ላይ ተወዳደረ፤ ለማሸነፍ ሳይሆን ስሙ በዕጩዎች ዝርዝር ላይ እንዲሰፍር፣ መንግሥት በራሱ እጅ ሕያው ብሎ እንዲጽፈው ነው። እንደ እርሱ በመዝገብ የሞቱትን ፈላልጎ የሙታን ማኅበር አቋቋመ፤ ብዙ አባላት ተገኙ። በመጨረሻ መዝገቡ ታረመና ተነሣ። በ2003 ሰዎችን አስቀድሞ በማሳቅ ኋላ በማሳሰብ የታወቀው የኢግ ኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጠው፤ በ2021 ደግሞ «ካጋዝ» የተባለ ፊልም ታሪኩን አወጣ። ካጋዝ ወረቀት ማለት ነው። እኛ ከዚህ የተሻለ ርእስ ለራሳችን ሐተታ አላገኘንም፣ ተቀድመናል።

ሰው በመዝገብ የሚሞት ከሆነ አውራጃ በሰሌዳ ቢወለድ ምን ይደንቃል?

ስለ ኮሚሽነሩ ደግሞ ጥቂት እንበል፤ ብዙ የሚባል የለም። በ18ቱ ማንዳል ላይ 18 ኮሚሽነሮች አሉ። አውራጃዎቹን ይቆጣጠራሉ፣ ከሥር የመጣ የመሬት ይግባኝ ይሰማሉ፣ ስብሰባ ይመራሉ። በዕድሜ ከዲ.ኤሞቹ ይበልጣሉ፤ ፎጣቸውም ይወፍራል የሚል ግምት አለን።

ምዕራፍ 4፦ ስለ ስም

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ አባቶቻችን። በኡታር ፕራዴሽ የአውራጃን ስም የሚያወጣው ምርጫ ያሸነፈው ነው፤ የሚሽረው ደግሞ ቀጥሎ ያሸነፈው። በመካከል የሚጠቀመው ሰሌዳ ጻፊው ነው፤ የግዛቱ እውነተኛ ገዥ እርሱ መሆኑን ስንናገር ይህ የመጀመሪያችን ነው፣ የመጨረሻችን አይደለም።

የቻትራፓቲ ሻሁ ማሃራጅን ስም እንከተል። ሻሁ በሩቅ ምዕራብ፣ ዛሬ ማሃራሽትራ በሚባለው፣ የኮላፑር ንጉሥ ነበሩ፤ በ1902 ከመንግሥታቸው የሥራ ቦታ ግማሹን ለተገፉ ወገኖች በመመደባቸው ስማቸው ይነሣል፤ በ1922 ዐረፉ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ የእርሳቸው ግን መዋል ብቻ ሳይሆን መዞርም ጀመረ። በ1997 ከባንዳ ጎን አዲስ አውራጃ ወጣና ቻትራፓቲ ሻሁ ማሃራጅ ናጋር ተባለ። በ1998 ሌላ መንግሥት መጥቶ ቺትራኩት አለው። ስሙ ሥራ ፈትቶ ቆየ። በ2010 ከሱልታንፑርና ከራይ ባሬሊ ጎን ሌላ አውራጃ ወጣ፤ ያው ስም ተጠርቶ መጣና ተሰቀለበት። በ2012 እንደገና ወረደ፤ አውራጃው ዛሬ አሜቲ ነው፣ ያ ሟቹ ላል ቢሃሪ የተወዳደረበት አገር። አንድ ሰሌዳ ሁለት አውራጃ ሰይሟል። ሰሌዳው ራሱ በጭነት መኪና ተጓጉዞ ይሆን ብለን ጠየቅን፤ የሚመልስልን አልተገኘም።

በ2012 የወረደው የሻሁ ስም ብቻ አልነበረም። ማያዋቲን የተኩት አኪሌሽ ያዳቭ ሥልጣን እንደያዙ በሐምሌ ወር የስምንት አውራጃ ስም በአንድ ጊዜ መለሱ። ጆቲባ ፉሌ ናጋር አምሮሃ ሆነ፤ ማሃማያ ናጋር ሃትራስ፣ ካንሺ ራም ናጋር ካስጋንጅ ሆኑ፤ ያ ምስኪን ካንፑር ደሃት፣ አንዴ ተቆርጦ፣ አንዴ ተሰፍቶ፣ እንደገና ተቆርጦ፣ በ2010 ደግሞ ራማባይ ናጋር ተብሎ የነበረው፣ ተመልሶ ካንፑር ደሃት ሆነ። ቢም ናጋር፣ ፓንችሺልና ፕራቡድ የተባሉት ሦስቱ ገና በ2011 የተወለዱ ነበሩ፤ ዓመት ሳይሞላቸው ሳምባል፣ ሃፑርና ሻምሊ ተባሉ።

እዚህ ላይ ካባችንን ለአፍታ እናውልቅ። ማያዋቲ በ1995 የሕንድ ግዛት ዋና ሚኒስትር የሆኑ የመጀመሪያዋ የዳሊት ሴት ናቸው። አውራጃ የሰየሙባቸው ሰዎች፣ ፉሌ፣ ሻሁ፣ የአምቤድካር ባለቤት ራማባይ፣ ለዘመናት ከሰው በታች የተቆጠረ ሕዝብ የራሱ የሚላቸው ናቸው። ያ ሕዝብ ስሙን በመንግሥት ሰሌዳ ላይ አይቶት አያውቅም ነበር። ስለዚህ በስሙ መሰቀል አንሥቅም፤ የምንሥቀው አንዱ የሰቀለውን ሌላው ለማውረድ በሚሮጠው ሩጫ ነው። በአውቶቡስ መናኸሪያ የሚጮኸው ረዳት ግን በሁሉም ዘመን «ሃትራስ! ሃትራስ!» ይል ነበር ብለን እናምናለን። ካባችንን መልሰን ለብሰናል።

በ2018 ተራው የዋና ሚኒስትር ዮጊ አዲቲያናት ሆነ፤ አላሃባድ ፕራያግራጅ፣ ፋይዛባድ አዮዲያ ተባሉ፤ አውራጃውም ማንዳሉም። ታዲያ በፕራያግራጅ ከተማ የተቀመጠው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዛሬም የአላሃባድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ዩኒቨርሲቲውም የአላሃባድ ነው። የአዮዲያም አውራጃ ሰው ለፓርላማ ሲመርጥ የሚመርጠው በፋይዛባድ የምርጫ ክልል ነው። በነገራችን ላይ የግዛቱ የፓርላማ ወንበር 80 ነው፣ አውራጃው 75፤ ሁለቱን ለማጣጣም የሞከረ ሰው ካለ እንባውን ጠርገን እንመልሰዋለን።

ስሙን ብታገኘው ደግሞ ወንበሩን አታገኘውም። የጃላውን አውራጃ ዋና ከተማ ጃላውን አይደለም፣ ኦራይ ነው። የኩሺናጋር፣ ቡድሃ ያረፈባት ምድር፣ ዋና ከተማዋ ፓድራውና ነው። የሽራቫስቲ ቢንጋ። የአምቤድካር ናጋር ዋና ከተማ አክባርፑር ነው፤ የካንፑር ደሃትም ቢሮ ያለው አክባርፑር በሚባል ሌላ ስፍራ ነው፤ አክባርፑር ውረድ ተብሎ የተላከ ባለ ጉዳይ የትኛው ጋ እንደሚያድር የሚያውቀው ፈጣሪ ነው። በማንዳሎቹ ዘንድ ነገሩ ይብሳል። የዴቪፓታን ማንዳል ጎንዳ ይቀመጣል። የቪንዲያቻል ማንዳል ሚርዛፑር ይቀመጣል። የቺትራኩት ማንዳል ደግሞ የሚቀመጠው ባንዳ ነው፤ ቺትራኩት ከባንዳ ጎን የወጣች አጥንት መሆኗን አንባቢ አይረሳም። ልጅቱ ለቤቱ ስሟን ሰጠች፣ እናቲቱ ወንበሩን አልለቀቀችም።

ምዕራፍ 5፦ ስለ ኖይዳ

ከዴልሂ አጥር ሥር ያለው የጋውታም ቡድሃ ናጋር አውራጃ የኖይዳ ከተማ ይገኝበታል፤ ፎቅ፣ ፋብሪካ፣ ገንዘብ ሞልቶታል። የግዛቱ ዋና ሚኒስትሮች ግን ለብዙ ዓመት ይፈሩት ነበር። በ1988 ቪር ባሃዱር ሲንግ ኖይዳን ጎብኝተው ብዙም ሳይቆዩ ሥልጣናቸውን አጡ፤ ከዚያ ወዲያ ኖይዳ የረገጠ ዋና ሚኒስትር ወንበሩን ያጣል የሚል ወሬ ሥር ሰደደ። ማያዋቲ በ2011 ሄዱ፣ በ2012 ተሸነፉ። አኪሌሽ ያዳቭ አምስቱን ዓመት ሙሉ ሳይረግጡት የኖይዳን ሥራዎች ከላክናው ሆነው በሩቁ ይመርቁ ነበር፤ በ2017 እርሳቸውም ተሸነፉ። ዮጊ በዲሴምበር 2017 ሄዱ፤ በ2022 እንደገና ተመረጡ። ይህ ምዕራፍ በዚሁ አበቃ፤ ጥንቆላ የሥነ አውራጃ ክፍል መሆኑ ገና አልተወሰነም።

ምዕራፍ 6፦ ስለ 76ኛው

ሐተታችን ተጠናቅቆ፣ «75» የሚለው ቁጥር በገጹ ሁሉ ላይ ተረጋግቶ ሳለ፣ በዲሴምበር 2024 መጀመሪያ ከላክናው አዋጅ ወጣ፤ 76ኛ አውራጃ ተወልዷል። ስሙ ማሃ ኩምብ ሜላ።

ኩምብ ሜላ ጋንጋና ያሙና በሚገናኙበት በፕራያግራጅ የሚደረግ የመታጠብ በዓል ነው፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ምእመን ይመጣል። የ2025ቱ ከጃኑዋሪ 13 እስከ ፌብሩዋሪ 26 ነበር። ይህን ለማስተዳደር መንግሥት ከአራት ታህሲል 67 መንደር ከነበዓሉ ሜዳ አውጥቶ ጊዜያዊ አውራጃ አደረገው፤ የራሱ ማጂስትሬት፣ የራሱ ፖሊስ፣ የራሱ ማኅተም።

ይህ አውራጃ የቆመበትን መሬት ተመልከቱ። የበዓሉ ሜዳ አብዛኛው የወንዝ አሸዋ ነው። በክረምት ጋንጋ ይሞላና ይሸፍነዋል፤ ውኃው ሲጎድል አሸዋው ይወጣል፤ በላዩ ድንኳን ይተከላል፣ ብረት ይነጠፋል፣ በተንሳፋፊ በርሜል ላይ ድልድይ ይዘረጋል፣ የመብራት ምሰሶ ይቆማል። በዓሉ ሲያልቅ ይነቀላል። ወንዙም ተመልሶ ይመጣል። መሬቱ ዓሣ የሚዋኝበት፣ ሕዝቡ በባቡር ተሳፍሮ የሚሄድ አውራጃ! ወንበሩ ግን ነበረው። አውራጃ መሬት አይደለም፣ ሕዝብም አይደለም፣ ወንበር ነው ስንል የሣቁብን ተቺዎች አሁን የት አሉ?

በዚህ ድል ሰክረን ሳለን አንድ ነገር አሳሰበን። 76ኛው መጣ፣ ሄደ፤ ቁጥሩ ወደ 75 ተመለሰ፤ ሌላ በዓል ሲመጣ ደግሞ ምን ይሆናል? ለሕንድ የሕዝብ ቆጠራ ሲባል የአስተዳደር ድንበሮች እንዲቆሙ በተደጋጋሚ ቀን ተቆርጧል፤ ቀኑም በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ላክናው እንቅልፍ የላትም፤ የሚተኙት አውራጃዎቹ ናቸው።

ስለዚህ ይህን ሐተታ የምትገለብጥ ወይም የምታስተምርበት ወንድማችን፣ የምታነብቢው እኅታችን፣ የጥንት ጸሐፍት በመጽሐፋቸው መጨረሻ ስለ ስሕተታቸው ይቅርታ እንደለመኑ እኛም እንለምናለን። ስሞቹን እንዳሉ ተዋቸው። «75» የሚለውን ግን በእርሳስ ጻፉት።